ካልታመምኩ ለምን ልመርመር?

በክብረ መንግሥት ከእናቶች ጋር ስለ ጤና ስንነጋገር፣ አንዲት እናት «ካልታመምኩ ለምን ልመርመር?» ብለው ጠየቁን። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን ዛሬ አብረን እናነባለን።

የማኅፀን በር ነቀርሳ፣ ማለትም ካንሰር፣ በአገራችን ሴቶችን ከሚያጠቁት ነቀርሳዎች ከጡት ነቀርሳ ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። እርግማን አይደለም። ቡዳም አይደለም። መነሻው ኤች.ፒ.ቪ. የሚባል በዓይን የማይታይ ቫይረስ ነው። ይህን ያረጋገጡት ጀርመናዊው ሐኪም ሐራልድ ሱር ሃውዘን በ2001 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

በማሳ ውስጥ ብዙ ዓይነት ሣር ይበቅላል። ሰብሉን የሚያንቀው ግን ጥቂቱ ነው። ቫይረሱም እንዲሁ ነው። ከ200 የሚበልጡ ዓይነቶች አሉት። ነቀርሳ የሚያመጡት ወደ 14 ይሆናሉ። ከነዚህም ቁጥር 16 እና ቁጥር 18 የተባሉት ሁለቱ ብቻ፣ ከ10 የማኅፀን በር ነቀርሳዎች የ7ቱ ምክንያት ናቸው።

ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል። በጣም የተለመደ ስለሆነ አብዛኛው ወንድና ሴት በዕድሜው አንድ ጊዜ ይይዘዋል። ስለዚህ የተገኘባትን ሴት ማማት ነውር ነው። ከባሏም ሊይዛት ይችላል፤ ከብዙ ዓመት በፊት የገባም ሊሆን ይችላል።

ከ10 ሴቶች በ9ኙ ላይ ሰውነታቸው ራሱ በ2 ዓመት ውስጥ ያጠፋዋል። በጥቂቶቹ ግን ተደብቆ ይቆያል። ነቀርሳ እስኪሆን 15 ወይም 20 ዓመት ይፈጃል። ኤች.አይ.ቪ. ባለባት ሴት ላይ ግን ይፈጥናል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ሕመም የለውም። የእናታችን ጥያቄ መልሱ እዚህ ላይ ነው። ከወር አበባ ውጭ ደም ሲፈስ፣ ወገብ ሲቆረጥም፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ ሲመጣ፣ ነገሩ ሥር ሰዶ ሊሆን ይችላል። አረም የሚነቀለው በለጋነቱ ነው።

ምርመራው ከባድ አይደለም። የሠለጠነች ነርስ የማኅፀኑን በር በቀጠነ አቼቶ ትቀባለች። ጥቂት ጠብቃ ታያለች። ነጭ ምልክት ከታየ ነቀርሳ ነው ማለት አይደለም፤ ገና ወደዚያ ሊሄድ የሚችል ቁስል ነው። ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ይወገዳል። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያላችሁ እናቶች፣ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ለልጃገረዶች ደግሞ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ክትባት ይሰጣል። የሚበጀው ወንድ ሳያውቁ፣ ከ9 እስከ 14 ዓመት ሳሉ ሲከተቡ ነው። ክትባቱ መካን ያደርጋል የሚባለው ወሬ ውሸት ነው። የተከተበችም ልጅ ስታድግ መመርመር አለባት።

አባቶችም ድርሻ አለን። ሚስት ለምርመራ ስትሄድ ልጅ እንጠብቅ፣ ከብት እናግባ። እናት ከሞተች በኋላ ማልቀስ ቤት አያቆምም።

እንወያይ፦
1. ቫይረሱ የተገኘባትን ሴት ማማት ለምን ስሕተት ነው?
2. ጤነኛ የመሰለች እናት ለምን ትመረመራለች?
3. በቀበሌያችን ያልተከተቡ ልጃገረዶች አሉን?