የቤተ ጊዮርጊስ ኮረብታ

ኮረብታ መውጣት ለብርቱ ጎልማሳ ብቻ የተመደበ ሥራ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ከአሥመራ በስተ ምሥራቅ የምትገኘው የቤተ ጊዮርጊስ ኮረብታ ግን ይህን አሳብ ትሽራለች። ከከተማው እምብዛም ስለማትርቅ ሽማግሌም ሕፃንም ቀስ ብሎ ይደርስባታል። ታላቅነቷ ከቁመቷ ሳይሆን ከሥፍራዋ ነው፤ ይኸውም ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለው ደጋ እዚያ አልቆ ወደ ቀይ ባሕር ቈላ መውረድ ስለሚጀምር ነው።

በታኅሣሥና በጥር ደጋው ደርቆ ፀሐይ ሲያበራበት፥ ከባሕር የሚነሣው እርጥብ ነፋስ ቁልቁለቱን ሲወጣ ቀዝቅዞ ደመና ይሆናል፤ ለምሥራቁም ወገን ዝናብ ይሰጣል። ስለዚህ ከኮረብታዋ ላይ የቆመ ሰው ብዙ ጊዜ በስተ ኋላው በጋን፥ በፊቱ ክረምትን ያያል፤ ደመናውም ከእግሩ በታች ተነጥፎ ይታየዋል። 118 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የምጽዋ ባቡር ሐዲድ በ1904 ዓ.ም. አሥመራ የደረሰው ይህንኑ ዳገት እየተጠማዘዘ ወጥቶ ነው።

ከምጽዋ የመጣ እንግዳ ግን የደጋው አየር ስስ ነውና በመጀመሪያው ቀን አይቸኩል። ደመናውም ወጥቶ ኮረብታዋን የሸፈናት እንደ ሆነ ማንም ከመንገዱ ባይርቅ መልካም ነው፤ ገደሉ ቅርብ ነውና።