ከሮብ ገበያ እስከ ሩቅ ጠፈር

ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ባለሦስት ዓይን ፍጡርና የብርሃን ጐራዴ ነው። ነገር ግን ከዚህ የተለየ አንድ ወገን አለ፤ በእርሱ ደራሲው እንዳሻው ቢፈጥርም የተፈጥሮን ሕግ እንዳይጥስ ራሱን ያስራል። መንኰራኵሩ ምን ያህል ይፈጥናል? ተሳፋሪው ምን ይበላል? ሒሳቡ ካልተስማማ ታሪኩ ይፈርሳል።

ምሳሌውን ከአገራችን እንውሰድ። በምሥራቅ ጎጃም፣ በብቸናና በሞጣ አገር፣ ሮብ ገበያ የሚባል ስፍራ አለ። ገዥ «ጤፉ ስንት ነው?» ይላል፤ ሻጭ ወዲያው ይመልሳል፤ ክርክሩ ይቀጥላል። አሁን ሻጩን ቮያጀር 1 ካለችበት እናስቀምጠው። ነሐሴ 30 ቀን 1969 ዓ.ም. የተተኰሰችው ይህች ሰው አልባ መንኰራኵር 25 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ርቃለች፤ በብርሃን ፍጥነት የሚሄድ የሬዲዮ መልእክት እንኳ እርስዋ ዘንድ ለመድረስ አንድ ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ሮብ ጧት የተጠየቀው ዋጋ ሐሙስ ይሰማል፤ መልሱ ዓርብ ይመጣል፣ ገበያው ከተፈታ በኋላ። «ትንሽ ቀንስልኝ» ለማለት ደግሞ ሌላ ሁለት ቀን! ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተተኰሰችው የአገራችን የመጀመሪያ ሳተላይት ከእንጦጦ ጋር የተነጋገረችው ዓይን ሳይርገበገብ ነበር፤ ከፍታዋ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ነውና። ሩቅ የዘመተ ሰው ግን ቢታመም ወይም ሞተሩ ቢሰበር፣ ከምድር የሚላክለት ምክር ሁልጊዜ ጊዜው ያለፈበት ነው።

ከፀሐይ ቀጥሎ ቅርብ የሆነው ኮከብ፣ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ፣ 4.2 የብርሃን ዓመት ይርቃል። በቮያጀር ፍጥነት፣ በሴኮንድ 17 ኪሎ ሜትር፣ ከ70,000 ዓመት በላይ ያስኬዳል። ፍጥነቱ እጅግ ቢጨመር እንኳ ተሳፋሪው በመንገድ መውለዱና ማርጀቱ አይቀርም፤ ስለዚህ እርሻውን ይዞ መሄድ አለበት።

አሜሪካዊው ኪም ስታንሊ ሮቢንሰን በ2007 ዓ.ም. ባሳተመው «አውሮራ» ይህንኑ ያሳያል። ወደ ታው ሴቲ የሚጓዙትን ሰዎች የሚያስጨንቃቸው ጠላት አይደለም፤ ፎስፎረስ ነው። ከሌሎች ንጥረ ነገሮች ጋር እየተጣበቀ ሰብሉ እንዳያገኘው ይሆናል። እኔን ከሞተሩ ይልቅ የገረመኝ ይህ ነው።

ከእኛ መካከል እንዲህ ያለ ታሪክ በአማርኛ ለመጻፍ የሚነሣ ቢኖር፣ ስለ ሞተሩ የፊዚክስ ተማሪዎችን ይጠይቅ፤ ስለ አፈሩ ግን ሮብ ገበያ ይውጣ። እንጨት ባጠረበት ደጋ ኩበት ለማገዶ ይነዳል፤ ለማሳው ሊመለስ የሚገባውም በዚያው ይቀራል። ገበሬው ይህን አልሳተውም፤ እራቱ መብሰል ስላለበት ነው። በመንኰራኵር ውስጥ ደግሞ አመዱን ለመድፋት እንኳ ደጅ የሚባል የለም።