ጌዲዮን ዘላለም፦ ተስፋ የተጣለበት እግር፣ ያልታዘዘ ጉልበት

አርሰናል በሚጫወትበት ቀን የካርቲየ 5 ሻይ ቤቶች ምን እንደሚመስሉ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ወንበር ይጠፋል፣ ሻዩ ይቀዘቅዛል፣ ክርክሩ ግን ይግላል። ስለ ሄንሪና ስለ ፋብሪጋስ ከተወራ በኋላ አንዱ ይነሳና «ያ የእኛው ልጅ፣ ጌዲዮን፣ የት ደረሰ?» ይላል። መልሱ ብዙ ጊዜ አጭር ነው። «ጠፋ» ይላሉ አንዳንዶች። «ድሮም ጋዜጠኛ ነው ያጋነነው» የሚሉም አሉ።

እኛ ግን ይህ መልስ ልጁን የሚበድል መስሎ ስለታየን ታሪኩን ከመጀመሪያው አንስተን ልናጫውታችሁ ወደድን። ጉዳዩ የአንድ ተጨዋች ብቻ አይደለም። እዚህ ከተማ ውስጥም ሆነ በአሊ አዴና በሆልሆል መጠለያዎች ተስፋቸውን ሁሉ በእግራቸው ላይ የጣሉ ልጆች አሉን። ታሪኩ ለእነሱና ለወላጆቻቸው ይጠቅማል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳስባለን።

ከበርሊን እስከ ለንደን

ጌዲዮን ዘላለም ጃንዋሪ 26 ቀን 1997 በጀርመን፣ በርሊን ከተማ፣ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወለደ። ኳስን የጀመረው እዚያው ሲሆን በሄርታ በርሊን የታዳጊዎች ቡድን ውስጥም ተጫውቷል። በ2006፣ ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ፣ ከአባቱ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻገረና ለዋሽንግተን ቅርብ በሆነችው በሜሪላንድ ግዛት አደገ። ኦልኒ ሬንጀርስ በሚባል የአካባቢው የወጣቶች ክለብ ሲጫወት የአርሰናል የአሜሪካ መልማይ የነበረው ዳኒ ካርባሲዩን ዓይን ውስጥ ገባ።

በጃንዋሪ 2013 ለንደን ደረሰ። ያ ወር ለእኛም የማይረሳ ነው። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሱበት፣ አዳነ ግርማ ደቡብ አፍሪካ ላይ ዛምቢያ መረብ ውስጥ ጎል ያገባበት ወር ነበር። ታዲያ ያን ሰሞን አንድ የ16 ዓመት የኢትዮጵያውያን ልጅ የመድፈኞቹን ማሊያ ለበሰ ሲባል ደስታችን ሁለት ሆነ።

በዚያው ክረምት አርሰናል ወደ ኢንዶኔዥያ፣ ቬትናምና ጃፓን ሲጓዝ ልጁን ይዞት ሄደ። ያዩት ሁሉ ተገረሙ። ቀጭን ነው፤ ጉልበተኛም አይደለም፤ ሩጫውም ያን ያህል የሚወራለት አይደለም። ኳስ እግሩ ጋ ከመድረሷ በፊት ግን ወዴት እንደምትሄድ ያውቃል። በሁለት ተከላካዮች መሀል አሹልኮ ያቀብላል። በዚህም ብዙዎች በ16 ዓመቱ ከስፔን መጥቶ እዚያው ክለብ ከነገሠው ከሴስክ ፋብሪጋስ ጋር ያመሳስሉት ጀመር።

ጃንዋሪ 24 ቀን 2014 በኤፍኤ ካፕ ኮቨንትሪ ሲቲን 4 ለ 0 ባሸነፉበት ጨዋታ ተቀይሮ ገባ። 17 ዓመት ሊሞላው ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። አርሴን ቬንገር አርሰናልን የተረከቡት በ1996 ስለሆነ፣ ከእሳቸው መምጣት በኋላ ተወልዶ ለዋናው ቡድን የተሰለፈ የመጀመሪያው ተጨዋች እሱ ሆነ። በዲሴምበር 2014 ደግሞ ኢስታንቡል ላይ ከጋላታሳራይ ጋር በሻምፒዮንስ ሊግ ተሰለፈ።

ያቺ አንድ ቀን

ቀጥሎ የመጣው የውሰት ዘመን ነው። ትልልቅ ክለቦች ወጣቶቻቸውን ልምድ እንዲያገኙ ለሌላ ክለብ ያውሳሉ። ጌዲዮን በ2015 ወደ ስኮትላንዱ ግላስጎው ሬንጀርስ ሄደና ቡድኑ የሁለተኛውን ዲቪዚዮን ዋንጫ አንስቶ ወደ ዋናው ሊግ ሲያድግ አብሮ ነበር። በጃንዋሪ 2017 ደግሞ ወደ ኔዘርላንድ፣ ቬንሎ ወደሚባለው ክለብ አመራ። ቬንሎም በዚያው ዓመት ሁለተኛውን ሊግ አሸንፎ ወደ ላይ ወጣ። ልብ በሉ፦ ልጁ በሄደበት ሁሉ ዋንጫ አለ። የሰነፈ ሰው ታሪክ ይህን አይመስልም።

በዚህ መሀል የአገር ጉዳይም ነበረበት። ጀርመን ተወልዶ ለጀርመን ታዳጊዎች ተጫውቷል፤ በወላጆቹ በኩል ለኢትዮጵያ መሰለፍ ይችል ነበር፤ ያደገው ደግሞ አሜሪካ ነው። በ2014 መጨረሻ የአሜሪካ ዜግነት አገኘ፣ በሜይ 2015 ፊፋ ፈቀደለት፣ በዚያው ዓመትም ኒውዚላንድ ላይ በተካሄደው ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ለአሜሪካ ተጫወተ። እኛ ለዋልያዎቹ በተመኘነው ነበር። ይሁንና ስደተኛ ሆኖ «አገርህ የት ነው?» የሚለው ጥያቄ ምን ያህል እንደሚከብድ ከእኛ በላይ ማን ያውቃል?

ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለተኛው የወጣቶች ዓለም ዋንጫ መጣ፤ በደቡብ ኮሪያ። ሜይ 22 ቀን 2017 አሜሪካ የመጀመሪያ ጨዋታዋን ከኢኳዶር ጋር አድርጋ 3 ለ 3 ተለያየች። ጌዲዮን ግን ጨዋታውን አልጨረሰም። ጉልበቱ ውስጥ ያለው ዋናው ጅማት ተበጥሶ ነበር። ዕድሜው 20 ነው። ወይ ወደ አርሰናል ዋና ቡድን የሚገባበት፣ ወይ ሌላ ትልቅ ክለብ የሚያገኝበት ወሳኝ ጊዜ ነበር። ቀጣዩን የውድድር ዘመን አብዛኛውን ያሳለፈው በሕክምናና በማገገም ነው።

ለአርሰናል በፕሪሚየር ሊግ አንድም ጨዋታ ሳያደርግ ክለቡን ለቀቀና በማርች 2019 ወደ አሜሪካው ስፖርቲንግ ካንሳስ ሲቲ ገባ። ከ2020 ጀምሮ ደግሞ ለኒውዮርክ ሲቲ ተጫወተ፤ ክለቡ በ2021 የአሜሪካን ሊግ ዋንጫ ሲያነሳ የስብስቡ አባል ነበር። ኑሮውን በኳስ የመራ ባለሙያ ሆኗል ማለት ነው። በ16 ዓመቱ የተተነበየለት ቦታ ላይ ግን አልደረሰም።

ጅማቱ ምንድን ነው?

ስፖርት ወዳዶች «የጉልበት ጅማት» ሲባል እንሰማለን እንጂ ምን እንደሆነ ብዙዎቻችን አናውቅም። የጭን አጥንትና የቅልጥም አጥንት ጉልበት ላይ ሲገናኙ በመሀላቸው እንደ መስቀል የተጠላለፉ ሁለት ጅማቶች አሉ። የፊተኛው ቅልጥማችን ወደፊት እንዳይንሸራተትና ስንዞር ጉልበታችን እንዳይከዳን አጥብቆ ይይዛል። ሐኪሞች ኤሲኤል የሚሉት እሱን ነው።

የሚገርመው ነገር ይህ ጅማት ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ሰው መትቶን አይደለም። እግር መሬት ላይ ተተክሎ ሰውነት ድንገት ሲዞር፣ ወይም ዘለን በአንድ እግር ስናርፍ ነው። ብዙዎች «ጧ» የሚል ድምፅ እንደሰሙ ይናገራሉ፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥም ጉልበቱ ያብጣል። ሙሉ በሙሉ ከተበጠሰ መልሶ ለመግጠም ያስቸግራል። በመሆኑም ኳስ ተጨዋቾች ከራሳቸው ሰውነት ሌላ ጅማት ተወስዶ በቀዶ ሕክምና ይተካላቸዋል። ከዚያ ወደ ሜዳ ለመመለስ ቢያንስ ዘጠኝ ወር ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት የተቻኮለ ሰው እንደገና የመጎዳት ዕድሉ ከፍ እንደሚል ጥናቶች አሳይተዋል።

እንደ ጌዲዮን ላለ አማካይ ተጨዋች ደግሞ ችግሩ ድርብ ነው። ጨዋታው በሙሉ መዞር ነው። ኳስ ጀርባ ሰጥቶ ይቀበላል፣ ይዞራል፣ ያቀብላል። ጉልበቱ ቢድንም ልቡ «ብዞር ይከዳኝ ይሆን?» ማለቱ አይቀርም። በኳስ ሜዳ ላይ ደግሞ የግማሽ ሰከንድ ጥርጣሬ ኳሷን ያስነጥቃል።

የስፔኑ ባልደረባው

እዚያው አርሰናል ቤት ጌዲዮን ሲያድግ የሚያየው አንድ ሌላ ጥበበኛ አማካይ ነበር፤ ሳንቲ ካዞርላ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ68፣ በቀኝም በግራም እኩል የሚጫወት፣ በ2008 እና በ2012 ከስፔን ጋር የአውሮፓን ዋንጫ ያነሳ። ስፔን በ2010 የዓለም ዋንጫን ስትወስድ ግን ጉዳት ከቡድኑ አስቀርቶት ነበር።

በኦክቶበር 2016 ከሉዶጎሬትስ ጋር ከተደረገው ጨዋታ በኋላ የካዞርላ ቁርጭምጭሚት አልድን አለ። ቁስሉ አመረቀዘ። ጀርም ገብቶ የተረከዙን ጅማት ከ8 ሴንቲሜትር ያላነሰ በላው። ደጋግመው ቀደዱት። ቁስሉን ለመሸፈን ከክንዱ ቆዳ ተወስዶ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ተለጠፈ፤ በክንዱ ላይ የተነቀሰው የሴት ልጁ ስም ግማሹ እግሩ ላይ ሄደ። ሐኪሞቹ ከልጁ ጋር ግቢ ውስጥ መራመድ ከቻለ እንዲያመሰግን ነገሩት።

እሱ ግን ከ636 ቀናት በኋላ፣ በ2018፣ በቪላሪያል ማሊያ ሜዳ ገባ። በ2019፣ በ34 ዓመቱ፣ ወደ ስፔን ብሔራዊ ቡድን ተመለሰ። በ2023 ልጅ ሆኖ ወዳደገበት ክለብ፣ ወደ ሪያል ኦቪዬዶ፣ ሄደ። በጁን 2025፣ በ40 ዓመቱ፣ በመጨረሻው ጨዋታ ፍጹም ቅጣት ምት አግብቶ ኦቪዬዶን ከ24 ዓመት በኋላ ወደ ላሊጋ አወጣው።

ታዲያ «ካዞርላ ከቻለ ጌዲዮን ለምን አልቻለም?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ፍርዱ አይስተካከልም። ካዞርላ ሲጎዳ ዕድሜው ከ30 አልፎ፣ ስሙ ተተክሎ፣ ዋንጫው ተደርድሮ ነበር። የሚጠብቀው ሰው ነበረው። ጌዲዮን ገና ስሙን ሊጽፍ ብዕሩን ሲያነሳ ነው ብዕሩ የተሰበረበት። ትልቅ ክለብ ደግሞ ወጣት አይጠብቅም፤ አንዱ ሲተኛ ሌላው ቦታውን ይይዛል። ሁለቱም ጎበዞች ናቸው፤ ሁለቱም ታግለዋል። ልዩነቱ ጉዳቱ የመጣበት ሰዓት ነው።

ለእኛ ልጆች

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ልጆቻችን የሚጫወቱት ሣር ላይ ሳይሆን ጠጠርና ድንጋይ ላይ ነው። ብዙዎቹ በነጠላ ጫማ፣ አንዳንዶቹ በባዶ እግር። ስለዚህ ጥቂት ምክር እንለግሳቸው።

አንደኛ፣ ሰውነታችሁን ሳታሟሙቁ ኳስ አትንኩ። ፊፋ ያዘጋጀው የማሟሟቂያ ልምምድ 20 ደቂቃ ብቻ ይወስዳል፤ ገንዘብም መሣሪያም አይጠይቅም። ቀስ ብሎ መሮጥ፣ በአንድ እግር ቆሞ ሚዛን መጠበቅ፣ ቁጢጥ ብሎ መነሳት፣ ዘሎ ጉልበትን አጠፍ አድርጎ ማረፍ። በሳምንት ሁለት ሦስቴ የሠሩት ቡድኖች ጉዳታቸው በግልጽ ቀንሷል።

ሁለተኛ፣ ጉልበት ተጣሞ ካበጠ ጨዋታው እዚያ ላይ ያብቃ። «ወንድ ልጅ አይደለህ? ቻለው!» የሚሉትን አትስሟቸው። እግሩን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ማድረግ፣ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ወጌሻዎቻችንን እናከብራለን፤ ወለምታ ሲሆን ስንቱን አቃንተዋል። የተበጠሰ የጉልበት ጅማት ግን በእሽት አይቀጠልም፤ ያበጠን ጉልበት መጎተትም ያብሰዋል።

ሦስተኛ፣ «ክለብ አስገባሃለሁ፣ ገንዘብ አምጣ» የሚል ደላላ ከመጣ ጌዲዮንን አስታውሱ። በፊፋ ደንብ ዕድሜው 18 ያልሞላ ተጨዋች ከአገር ወደ አገር መዛወር የሚችለው በተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች ብቻ ነው። ጌዲዮን በ16 ዓመቱ እንግሊዝ የገባው የጀርመን ዜግነት ስለነበረውና በዚያን ጊዜ እንግሊዝ የአውሮፓ ኅብረት አባል ስለነበረች ነው። ያን የመሰለ ችሎታ እንኳ ያለ ወረቀት አልተሻገረም። በኦቦክ በኩል በጀልባ ተጭኖ ክለብ የገባ ልጅ እኛ አላየንም፤ በባሕሩ ላይ የቀሩትን ግን ሁላችንም እናውቃለን።

አራተኛ፣ ደብተራችሁን አትጣሉ። ይህን የምንለው ኳስን ለመናቅ አይደለም። እግር በአንዲት መዞር ሊከዳ ይችላል። ፈረንሳይኛ የተማረ፣ ኤሌክትሪክ መሥራት የሚችል፣ ልብስ መስፋት የለመደ ልጅ ጉልበቱ ቢሰበር እንኳ በሌላው ይቆማል።

ወላጆችም፣ እኛ ተመልካቾችም አንድ ነገር እንልመድ። ልጅ በተጎዳ ማግስት «አለቀለት» አንበል። ጌዲዮን ያልሆነውን እየቆጠርን የሆነውን ረሳን። ከበርሊን ተነስቶ በሦስት አገሮች ከዋንጫ አሸናፊ ቡድኖች ጋር የተሰለፈ፣ ጉልበቱ ተበጥሶ እንደገና ተነስቶ የሮጠ ልጅ ነው። ከእንግዲህ የት ደረሰ ተብለን ስንጠየቅ ይህንን ብንመልስ ለእሱም ክብር ነው፣ ሰፈራችን ውስጥ ጉልበቱን በጨርቅ አስሮ ዳር ቆሞ ለሚመለከተው ልጅም ማጽናኛ ነው።