አንጥረኛዋ ደብተራ፦ በአንድ የወጣቶች ምናባዊ ልብ ወለድ ላይ ከሰሜን ተራሮች ግርጌ የቀረበ አስተያየት

ትውልደ ጃማይካ አሜሪካዊቷ ሎረን ብላክውድ በ2021 እ.ኤ.አ. ለወጣቶች ያሳተመችው «ዊዚን ዚዝ ዊክድ ዎልስ» («በእነዚህ ክፉ ግድግዳዎች ውስጥ») የተሰኘው ልብ ወለድ ዋና ገጸ ባሕርይ አንድሮሜዳ የምትባል ወጣት ደብተራ ናት። ሙያዋ ክፉ ዓይን የሰፈረበትን ቤት ማንጻት ነው። ማግነስ ሮቸስተር የተባለ ወጣት ወራሽ ይቀጥራታል፤ ከእርሷ አስቀድሞ የተቀጠሩት ደብተሮች ሥራውን ጥለው ሄደዋል። ድርሰቱ የሻርለት ብሮንቴን «ጄን ኤር» (1847) ኢትዮጵያን በሚመስል ምድር ላይ እንደ አዲስ ይተርካል። የጀግናዋ ስምም ያለ ምክንያት አልተመረጠም፤ በግሪኮች አፈ ታሪክ አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት።

ልብ ወለዱ በፍርሃትና በፍቅር መካከል አንባቢን ሳያሰለች ይጓዛል፤ ይህን መመስከር ተገቢ ነው። ደባርቅ ወይም ዳባት ላይ ሆኖ የሚያነበው ሰው ግን በአንድ ነገር ላይ መቆሙ አይቀርም፤ እርሱም አንድሮሜዳ ክፉውን የምትከላከልበት ክታብ ከብር የተሠራ፣ እርሷም ራሷ በእሳት የምታበጀው መሆኑ ነው። በዚህ አገር ልማድ ደብተራ ጸሐፊ ነው። ዜማ፣ ቅኔና አቋቋም ተምሮ ክህነት ሳይቀበል በቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል ሲሆን፣ ከመካከላቸው አንዳንዱ በጎን ክታብ ይጽፋል። ክታቡ ብራና ነው፤ ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቆረጣል፣ የክርስትና ስሙ ይገባበታል፣ አስማተ ጸሎትና የሱስንዮስ ገድል በጥቁርና በቀይ ቀለም ይሰፍሩበታል፣ ከዚያም ተጠቅልሎ በቆዳ ይሰፋል። ኃይሉ ከቃሉ እንጂ ከማዕድኑ አይጠበቅም። (ደብተራዋ ሴት መሆኗን እንደ ስሕተት የሚቆጥር አንባቢ ይኖር ይሆናል። ማዕረጉ የወንዶች ቢሆንም የቅኔ መምህርቷን እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ያፈራ አገር በዚህ ሊደነቅ አይገባም።)

ነገሩ የጽሑፍና የብር ልዩነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለደራሲዋ ምናብ ትተነው ባለፍን ነበር። ነገር ግን በሰሜን፣ በወገራና በደምቢያ ብረት የሚቀጠቅጠውና ሸክላ የሚሠራው ባለ እጅ ራሱ በቡዳነት የሚጠረጠር ሰው ነበር። ቤተ እስራኤላውያን፣ በሌሎች አጠራር ፈላሾች፣ በእነዚህ ሙያዎች የታወቁ ስለነበሩ ጥርጣሬው ይበልጥ በእነርሱ ላይ ጸንቷል። ማረሻውን የሚያበጀው ሰው ሌሊት ጅብ ሆኖ ይወጣል ይባል ነበር። ሐጋር ሰሎሞን በ1999 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው የቤተ እስራኤል ጥናት «የጅብ ሰዎች» የሚለውን ርእስ ያገኘው ከዚሁ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። አዋጁ ግን እምነቱን ከሥሩ አልነቀለም። አብዛኛው የቤተ እስራኤል ሕዝብ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. የተካሄዱትን ታላላቅ ጉዞዎች ጨምሮ በየጊዜው ወደ እስራኤል ሄዷል።

እንግዲህ ክታብ ጸሐፊውና ባለ እጁ በአንድ መንደር ውስጥ በተቃራኒ ወገን የቆሙ ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ክታብ የሚጽፈው ሌላው ይፈራ ስለነበረ ነው። ብላክውድ ሁለቱን በአንዲት ልጃገረድ አዋሕዳለች። ውሕደቱ ውብ ነው፤ ለተናቀው እጅ የማዳን ክብር ይሰጣል። ሆኖም ዋጋ ያስከፍላል። ድርሰቱ የሚያተኩረው በቤቱና በተረገመው ወጣት ላይ በመሆኑ፣ በሙያው ብቻ የሚጠረጠር ጎረቤት በዚያ ዓለም ቦታ አላገኘም። በእኛ አገር ግን የቡዳ ነገር ከቤት ይልቅ በሰው ላይ የሚያርፍ ነው። «የተበላው» ሰው ጢስ ታጥኖ ሲለፈልፍ የበላውን ሰው ስም ይጠራል፤ የተጠራውም ሰው ከዚያ በኋላ በመንደሩ መኖር ይከብደዋል። በ«ጄን ኤር» እንኳ ከጣሪያው ሥር የተቆለፈባት ፍጡር ሰው ናት፤ ከጃማይካ የመጣች ሚስት።

ይህ ልዩነት መጽሐፉን ወደ አማርኛ ሊመልስ የሚነሣውን ሰው በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይገጥመዋል። ክፉውን ኃይል «ቡዳ» ቢለው የዳባት አንባቢ ወዲያው «በላው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ታሪኩም የተሠራው ለዚህ ጥያቄ አይደለም። «ዓይነ ጥላ» ቢለው ግን በክታቦቻችን ላይ ከባርያና ከሌጌዎን ጋር የሚጠራ መንፈስ ስለሆነ በአንድ ቤት ላይ መስፈሩ አያስገርምም፣ የማንም ጎረቤት ስምም አይነሣም። እኔ ብሆን ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ በመቅድሙ ላይ ግን የመጀመሪያውን ቃል ለምን እንደተውኩት፣ በወገራና በሰሜንም ያ ቃል በእነማን ላይ ይለጠፍ እንደነበረ እጽፍ ነበር።