ድምፅ በኢንተርኔት፦ ልናውቃቸው የሚገቡ ቃላትና ዕቃዎች

በአሁኑ ጊዜ ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሰው ኢሞ ወይም ዋትሳፕ አያጣም። በእኛ ሰፈር፣ በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት፣ ጸበል ሊጠመቅ የመጣውም ቢሆን ስለ ጤናው ለልጆቹ የሚነግረው በዚሁ መንገድ ነው። ታዲያ ድምፃችን እንዴት ነው የሚሄደው? ለእኛ ጋዜጠኝነት ለምንማረውስ ጉዳዩ ምን ያገባናል? እስቲ ባጭሩ እንየው።

ቪኦአይፒ፦ ድምፅን በኢንተርኔት የማስተላለፊያ ዘዴ የወል ስም ነው። በድሮው የስልክ አሠራር ንግግሩ እስኪያልቅ ለሁለቱ ሰዎች ብቻ መስመር ይያዛል። በቪኦአይፒ ግን ድምፁ ወደ ቁጥር ተለውጦና ተቆራርጦ ከሌላው የኢንተርኔት ጭነት ጋር ይጓዛል።

ፓኬት፦ ከቁርጥራጮቹ አንዱ ነው። ብዙ ጊዜ የ20 ሚሊሰከንድ ድምፅ ይይዛል፤ ይህም በሰከንድ 50 ፓኬት ማለት ነው።

ኮዴክ፦ ድምፁን ወደ ቁጥር የሚለውጠውና የሚያሳንሰው ስልት ነው። ጂ.711 የሚባለው በሰከንድ 64 ኪሎቢት ሲፈልግ፣ ጂ.729 ግን በ8 ኪሎቢት ይብቃቃል።

መዘግየትና ጂተር፦ ድምፁ ለመድረስ የሚወስደው ጊዜ መዘግየት ይባላል። በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊሰከንድ ካለፈ ተነጋጋሪዎች አንዱ በሌላው ላይ መናገር ይጀምራሉ። ጂተር ደግሞ ፓኬቶቹ እኩል ባልሆነ ክፍተት ሲደርሱ ነው።

ወደ ዕቃዎቹ ስንመጣ፣ ሶፍትፎን በኮምፒውተር ወይም በሞባይል የሚጫን ፕሮግራም ነው። አይፒ ስልክ በቀጥታ ከኔትወርክ ገመድ ጋር ይያያዛል። አዳፕተር ተራውን የቤት ስልክ ለኢንተርኔት ያበቃል። ሄድሴት ከድምፅ ማጉያው የወጣው ድምፅ ተመልሶ ማይክሮፎን እንዳይገባ ያደርጋል። ጌትዌይ ኢንተርኔቱን ከመደበኛው የስልክ መረብ ጋር ያገናኛል።

በአገራችን ብዙ ክርክር ያስነሳው ይኸው ጌትዌይ ነው። ሲምቦክስ የሚባለው ዓይነት በርካታ ሲም ካርዶች ይይዛል። ከውጭ በኢንተርኔት የመጣውን ጥሪ እንደ አገር ውስጥ ጥሪ አድርጎ ያስገባዋል። ከአሜሪካ ተደውሎ ስልካችን ላይ የአገር ውስጥ ቁጥር የሚታየው በዚህ የተነሳ ሊሆን ይችላል፤ ቴሌም የዓለም አቀፉን ገቢ ያጣል። አዋጅ ቁጥር 281/1994 ድምፅና ፋክስ በኢንተርኔት ማስተላለፍን ከልክሎ ነበር። አዋጅ ቁጥር 761/2004 ደግሞ አገልግሎቱን በሚሰጥ ሰው ላይ ከ3 እስከ 8 ዓመት ጽኑ እስራት ደነገገ።

አሁን ወደ ሙያችን። ተከታታይ ፓኬቶች ሲጠፉ አንድ ፊደል ሁለት ፊደል ይዋጣል። በአማርኛ ደግሞ አፍራሹ "አል" የሚመጣው ከቃሉ መጀመሪያ ነው። ምንጫችን "አልፈረምንም" ብሎን "ፈረምንም" ብለን ብንሰማ ዜናው ተገለበጠ ማለት ነው! ስለዚህ በኢንተርኔት ስልክ ቃለ መጠይቅ ስናደርግ ዋናውን ነጥብ "አዎ" ወይም "አይ" በሚያሰኝ ጥያቄ ብቻ አንለፈው። ሰውየው ሐሳቡን በሙሉ ዓረፍተ ነገር እንዲደግምልን፣ ካስፈለገም በጽሑፍ እንዲልክልን እንጠይቅ።