የመጫወቻ ማስቀመጫ ገበያ፤ ትልቁ ሳጥን ለምን ያከስራል?

የልጅ ልደት ባለፈ ማግስት ሳሎኑ መጋዘን የሚመስል ቤት አዲስ አበባ ውስጥ ጥቂት አይደለም። መኪናው ከሶፋ ሥር፣ የአሻንጉሊቷ እግር ከረከቦቱ አጠገብ፣ መገጣጠሚያዎቹ ፍሬዎች ደግሞ ምንጣፉ ውስጥ ይገኛሉ። ሌሊት ውሃ ሊጠጣ የተነሳ አባት በባዶ እግሩ አንዷን ፍሬ የረገጠ ዕለት የቤቱ የበጀት ስብሰባ እዚያው ይጠራል። ውሳኔውም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ትልቅ ባለክዳን ሳጥን ይገዛ።

እስከዚያች ሌሊት ድረስ ሥራውን የሚሠሩት ማዳበሪያ፣ የሙዝ ካርቶንና አሮጌ ሳፋ ናቸው። ወጪ የላቸውምና ማንም አያማቸውም። ሳጥኑ ግን ገንዘብ የሚወጣበት ዕቃ ስለሆነ ከመገዛቱ በፊት ሒሳቡ ቢታይ መልካም ነው።

ሳጥን የሚወደደው በግልጽ ምክንያት ነው። ሁሉን ይውጣል፤ ክዳኑ ሲከደን ደግሞ እንግዳ ምንም አያይም። ፈርኒቸር ቤቱም ቢሆን ይወደዋል። አራት ጎን፣ አንድ ወለል፣ አንድ ክዳንና ሁለት ማጠፊያ ነው፤ መሳቢያ የሚጠይቀውን ልኬትና ጥንቃቄ አይጠይቅም። ችግሩ የሚመጣው ሳጥኑ ቤት ገብቶ ሲሞላ ነው። ልጅ የሚፈልገው ዕቃ ሁልጊዜ ከታች ነው። ስለዚህ ልጁ ይገለብጠዋል፤ እናት ትለቅማለች፤ በነጋታው እንደገና ይገለብጠዋል። የተገዛው ዕቃ ማስቀመጫ መሆኑ ቀርቶ ማጠራቀሚያ ይሆናል።

ከዚያ በላይ ደግሞ የቦታ ኪራይ አለ። ዩኤን ሃቢታት ስለ ኢትዮጵያ ኮንዶሚኒየሞች እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት ባለሁለት መኝታው ቤት ከ30 እስከ 45 ካሬ ሜትር፣ ባለአንድ መኝታው ከ20 እስከ 30 ካሬ ሜትር ተብሎ ተመድቧል። ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 50፣ ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን 0.6 ካሬ ሜትር ወለል ይይዛል። 40 ካሬ ሜትር ቤት የተከራየ ሰው ከሚከፍለው ከእያንዳንዱ 100 ብር ውስጥ 1 ብር ከ50 የሳጥኑ ኪራይ ነው ማለት ነው። በተመሳሳይ ርዝመት ወርዱ 30፣ ቁመቱ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክፍት መደርደሪያ ግን የሚይዘው 0.36 ካሬ ሜትር ነው፤ ኪራዩም ወደ 90 ሳንቲም ይወርዳል። የሚተርፈው ሩብ ካሬ ሜትር ግድም ነው። ምን አላት ይባል ይሆናል፤ አንድ ኩንታል ጤፍ የሚቆምባት ቦታ ናት።

በይዘት ሲታይ ሳጥኑ 360 ሊትር፣ መደርደሪያው 324 ሊትር ግድም ነው። መደርደሪያው የሚያጣው አንድ አሥረኛውን ብቻ ሲሆን፣ በምትኩ አናቱ ለሌላ ዕቃ ይውላል። የሳጥኑን አናት ግን ክዳኑ ስለሚነሳ ምንም ሊያርፍበት አይገባም። ቢያርፍበትም ልጁ ክዳኑን ሲያነሳ የሚሆነው ይታወቃል።

የክዳኑ ነገር ከተነሳ ዘንድ ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። ልጅ ሳጥን ውስጥ አጎንብሶ ሲፈልግ ክዳኑ ከላይ ይወድቅበታል፤ የሚያርፈውም ጭንቅላቱና አንገቱ ላይ ነው። በዚህ የተነሳ በአሜሪካ የመጫወቻ ደረጃ መሠረት የመጫወቻ ሳጥን ክዳን የትም ላይ ቢለቀቅ ባለበት የሚያቆመው ደጋፊ እንዲኖረው፣ ሳጥኑም ተዘግቶ ከግድግዳ ጋር ቢጣበቅ እንኳ የማይደፈን መተንፈሻ ቀዳዳ እንዲኖረው ይፈለጋል። ሌን የተባለው የአሜሪካ ፈርኒቸር ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1912 እስከ 1987 በሠራቸው 12 ሚሊዮን ያህል የእንጨት ሳጥኖች ላይ በ1996 ቁልፋቸው እንዲቀየር ጥሪ የተደረገው፣ ክዳናቸው ሲዘጋ ራሱ ስለሚቆለፍና ውስጡ የተደበቁ ሕፃናት ታፍነው ስለሞቱ ነበር። እዚህም ከአያት የወረደ፣ ሲዘጋ ቀጭ ብሎ የሚቆለፍ ሳጥን ያለው ቤት ቁልፉን ዛሬውኑ ቢያስነቅል ወጪው የአንድ ብሎን መፍቻ ድካም ነው። አዲስ የሚያሠራ ደግሞ ከአናጢው ጋር ስለ ቀለሙ ከመከራከሩ በፊት ስለ ክዳኑ ደጋፊ ቢጠይቅ ይሻላል። ደጋፊው ከሌለ ክዳኑም ባይኖር ይመረጣል።

መደርደሪያም ቢሆን ከአደጋ ነፃ አይደለም። ልጅ መሰላል ያደርገዋልና። እ.ኤ.አ. በ2016 ኢኬያ አሜሪካ ውስጥ 29 ሚሊዮን ያህል ባለመሳቢያ ቁም ሣጥኖቹን ለመሰብሰብ የተገደደው ዕቃዎቹ በሕፃናት ላይ ወድቀው በመግደላቸው ነው። በ2022 መጨረሻ በወጣ ሕግ መነሻም ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2023 ጀምሮ በዚያ አገር ቁመቱ 27 ኢንች፣ ማለትም 69 ሳንቲ ሜትር ግድም የደረሰ የልብስ ማስቀመጫ ሁሉ እንዳይገለበጥ መፈተን አለበት። ሕጉ የወጣው ለልብስ ማስቀመጫ ቢሆንም መደርደሪያውን ለሚንጠላጠልበት ልጅ ልዩነት የለውም። ስለዚህ 90 ሳንቲ ሜትሩ መደርደሪያ ከግድግዳ ጋር ይታሰራል። ቴሌቪዥን አናቱ ላይ አይቀመጥም።

አሁን ወደ አናጢው ቤት። አንድ ፍሬ ኤምዲኤፍ በተለመደው ልኬት 122 በ244 ሳንቲ ሜትር ነው። ሸማቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚከራከረው በጠቅላላው ዋጋ ላይ ሲሆን፣ ገንዘቡ የሚያልቀው ግን በወርዱ ላይ ነው። ከላይ የተጠቀሰው መደርደሪያ በ18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ ሲሠራ 90 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ጎኖች፣ 116.4 የሆኑ ሦስት አግድሞች፣ 42.3 የሆኑ ሁለት መካከለኛ ቋሚዎች ይፈልጋል። እነዚህ ሰባት ክፍሎች 244 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ካላቸው ሦስት ረጅም ቁራጮች ይወጣሉ። ከአንዱ ሁለት አግድም፣ ከሁለተኛው አንድ አግድምና አንድ ጎን፣ ከሦስተኛው የቀረው ጎንና ሁለቱ ቋሚዎች ይቆረጣሉ። መጋዙ የሚበላው ታስቦም ይበቃል።

ጥያቄው ከአንድ ኤምዲኤፍ ስንት ረጅም ቁራጭ ይወጣል የሚለው ነው። ወርዱ 30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ አራት ይወጣል። 40 ከሆነ ሦስት ነው። 45 ከሆነ ግን ሁለት ብቻ ይወጣና 31 ሳንቲ ሜትር የምትጠጋ ትርፍ ጥግ ላይ ትቆማለች። ነጋዴ በሚገባው ቋንቋ ሲነገር፣ ሦስት ኤምዲኤፍ የገዛ ሠሪ በ30 ወርድ አራት መደርደሪያ፣ በ40 ወርድ ሦስት መደርደሪያ፣ በ45 ወርድ ግን ሁለት መደርደሪያ ብቻ ያወጣል። ከ40 ወደ 45 ለማሳደግ የተጨመረችው 5 ሳንቲ ሜትር አንድ መደርደሪያ የሚያስፈልገውን ቦርድ ከአንድ ፍሬ ወደ አንድ ተኩል ታደርሰዋለች። አንድ ብቻ የሚያሠራ ቤተሰብ ደግሞ ሁለተኛውን ፍሬ ሙሉውን ለመግዛት ይገደዳል። ጥልቅ መደርደሪያ ለልጅ ዕቃ ምንም ጥቅም የለውም፤ ከፊት ያለው ከኋላ ያለውን ይሸፍናል፣ ሳጥኑን ያስጠላው ችግርም በጎን በር ተመልሶ ይገባል።

እዚህ ላይ የብር ዋጋ ያልተጠቀሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ቦርድም ሆነ የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ ከዶላሩ ጋር ይወጣል ይወርዳል። ዛሬ የተጻፈ ዋጋ ቅዳሜ ላይ ላይሠራ ይችላል፤ የቁራጩ ስሌት ግን ይሠራል።

ከኋላው ቀጭን ኮምፖርሳቶ ያልተመታበት መደርደሪያ ወር ሳይሞላው ይወዛወዛል። ይህ አናጢው ዋጋ ሲቀንስ በቅድሚያ የሚያስቀረው ነገር ነውና በስምምነቱ ላይ ይጻፍ። ሌላው ጠላት ውሃ ነው። ወለል በውሃ በሚታጠብበት ቤት ቺፑድም ኤምዲኤፍም ከሥሩ ይጠጣና እንደ እርጥብ ዳቦ ያብጣል። ጠርዙ በሙሉ፣ በተለይም የማይታየው የታችኛው፣ መሸፈን አለበት፤ ከወለሉ ጥቂት ከፍ የሚያደርገው እግርም ያስፈልጋል። ከቱቦላሬ ብረት አጥንቱን በጥብጦ ለማሠራት የሚመርጥ ሰው ከውሃ ሥጋት ይድናል። የብየዳው ቁርጥራጭና ሹል ማዕዘን ግን በሞረድ ካልተመታ ለልጅ ጉልበት አይሆንም።

መደርደሪያው ላይ የሚገቡት መያዣዎች ደግሞ ዝቅ ያሉ ይሁኑ። ልጅ ከላይ አይቶ የሚያገኘው ሲሆን ብቻ አይገለብጥም። ገበያ ላይ ያለው የፕላስቲክ ቅርጫት ይህን ይሠራል። በቁመቱ የተሰነጠቀ ጀሪካንም ይሠራል፤ ጠርዙ ይለስልስ፣ ከዚያ በፊት ምን ይቀዳበት እንደነበር ይጠየቅ። የቀርከሃ ቅርጫት ያምራል፣ ቀላልም ነው። ያልታከመ ቀርከሃ ግን ነቀዝ ስለሚገባው ከሥሩ ዱቄት መሰል ነገር የሚያራግፈውን አለመግዛት ነው። የአያትን ሙዳይ ለዚህ ሥራ የሚያውል ሰው የሚገጥመውን ጠብ ራሱ ይወጣው።

ክዳን የሚያስፈልገው አንድ ቦታ ላይ ነው። ታላቅየው መገጣጠሚያ የሚጫወት፣ ታናሽየው ሦስት ዓመት ያልሞላው ከሆነ ጥቃቅኑ ዕቃ ለብቻው ተከድኖ ከፍ ይበል። የአሜሪካ ደረጃ የሚለካው ዲያሜትሩ 31.7 ሚሊ ሜትር በሆነ ቱቦ ነው፤ በእርሱ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የገባ ዕቃ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። ቤት ውስጥ የሶፍት ጥቅል መሐል ያለው የካርቶን ቱቦ ከዚያ ጥቂት ስለሚሰፋ ለመለኪያ ይሆናል። ክብ ባትሪና ማግኔት ያለበት መጫወቻም ቦታው እዚያው ከፍታ ላይ ነው።

ለሻጭ የማይጥም አንድ ነገር ቀርቷል። አሜሪካ ውስጥ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት 36 ጨቅላ ሕፃናትን አንድ ጊዜ 4፣ አንድ ጊዜ 16 መጫወቻ ባለበት ክፍል ሲያጫውቱ፣ አራት ብቻ ሲሆን ልጆቹ በእያንዳንዱ ረዘም ላለ ጊዜና በብዙ ዓይነት መንገድ መጫወታቸውን አይተዋል። ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ውስጥ የከፈተችው የሕፃናት ቤትም ስሙ የሚነሳው ዕቃው በልጆቹ ቁመት ልክ፣ እጃቸው በሚደርስበት በመቀመጡ ጭምር ነው። ስለዚህ ከመጫወቻው ገሚሱ በማዳበሪያ ታስሮ ቁም ሣጥን አናት ላይ ቢቆይና በየሁለት ሳምንቱ ቢቀያየር፣ ልጁ አዲስ የተገዛለት ያህል ይደሰታል። ቤተሰቡም ሁለተኛ መደርደሪያ አያሠራም።

ታዲያ ነጋዴው ከዚህ ምን ያገኛል? ሦስት ኤምዲኤፍ አራት መደርደሪያ የሚያወጣ ከሆነ፣ ክፍሎቹን ቆርጦ፣ ጠርዙን ለብጦ፣ ቀዳዳውን በስቶና ብሎኑን ጨምሮ ሳይገጣጠም የሚሸጥ ሠሪ በቦርዱ ብቻ ባለ 40 ወርዱን ከሚሠራው ጎረቤቱ በሩብ ያነሰ ወጪ ይዞ ይነሳል። የተገጣጠመ ዕቃ ወደ አራተኛ ፎቅ ሲወጣ ለተሸካሚ የሚከፈለውና በደረጃው ጠርዝ የሚላጠው ቀለም ደግሞ የተለየ ሒሳብ ነው። የተፈታው በአንድ ሰው ትከሻ ይወጣል።

የሚያስቸግረው የመጨረሻዋ ብሎን ናት፤ ግድግዳ ላይ የምትገባው። በብሎኬት ግድግዳ ላይ ትክክለኛው ፊሸር ከገባ ይይዛል። ክፍሉ የተከፈለው በአግሮስቶን ከሆነ እንደ ብሎኬት ስለማይታመን መደርደሪያው ወደ ብሎኬቱ ወይም ወደ ኮለኑ ቢጠጋ ይሻላል። ተከራይ ደግሞ ግድግዳ ለመብሳት አከራይን ማስፈቀድ ግድ ይለዋል፤ ብዙ አከራይ ስለ ቀለሙ እንጂ ስለ ልጁ አያስብም። ውሉ ሲፈረም ሁለት ቀዳዳ እንደሚፈቀድ በአንድ መስመር የሚያስገባ ደላላ ከኮሚሽኑ የሚቀነስበት ነገር የለም፤ ቀዳዳዎቹም ተከራዩ ሲለቅ በጥቂት ስቱኮ ይደፈናሉ።