ፊርማው የሚመሰክረው፦ በደራሲ እጅ የተፈረሙ የወንጀል ልቦለዶች ከአዲስ አበባ እስከ ባጥሐ

ሪያድ፦ ጁሙዓ ከዐስር ሶላት በኋላ ባጥሐ በሰው ይሞላል። ሱዳናዊው፣ የመናዊው፣ ባንግላዴሻዊው፣ ፊሊፒናዊውና ኢትዮጵያዊው ሠራተኛ የሳምንቱን ዕረፍት የሚያሳልፈው በእነዚህ የገበያ መንገዶች ላይ ነው። አንዱ ለቤተሰቡ ገንዘብ ይልካል፤ ሌላው ስልኩን ያስጠግናል፤ ሌላው ከአገሩ ልጅ ጋር ቡና ይዞ የሰፈሩን ወሬ ይሰማል። በዚህ ግርግር መካከል በጋዜጣ ተጠቅልሎ ከሻንጣ የወጣ መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ወሬው ስለ ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ከሆነና ተቀባዩም የመጽሐፍ ሰብሳቢ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚገልጠው የታሪኩን መግቢያ ሳይሆን የርዕሱን ገጽ ነው። የሚፈልገው ደራሲው በገዛ እጁ ያሰፈረውን ፊርማ ነውና።

በዐረብኛ «ባጥሐ» ጎርፍ የሚወርድበት ጠጠራማ ሸለቆ ማለት ነው። የሪያድ ባጥሐም ስሙን ያገኘው ቀድሞ ከተማይቱን አቋርጦ ከሚያልፈው ሸለቆ ነው። ዛሬ በዚያ ቦታ የሚፈሰው ሰው ነው፤ ዑለያንና ባጥሐን የሚያገናኘው የሪያድ ሜትሮ ሰማያዊ መስመርም ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። የአማርኛ መጽሐፍ እዚህ የሚደርሰው በአብዛኛው ከአዲስ አበባ በሚመጣ መንገደኛ ሻንጣ ውስጥ፣ በበርበሬና በሽሮ መካከል ተሸጉጦ ነው። የሻንጣው ክብደት የተወሰነ ስለሆነ የሚመጣው መጽሐፍ ተመርጦ ይመጣል። ለዚህም ነው አንዲት የተፈረመች ቅጂ በስደተኛው ዘንድ ከዋጋዋ በላይ የምትከበረው።

የወንጀል ታሪክ ለሙስሊሙ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። በሱረቱ ዩሱፍ ውስጥ ማስረጃን የመመርመር ጥበብ ሁለት ጊዜ ይታያል። ወንድማማቾቹ የሐሰት ደም የተቀባውን ቀሚስ ይዘው በመጡ ጊዜ አባታቸው ያዕቆብ (ዐ.ሰ.) ወሬያቸውን አላመኑም። በኋላም በዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ላይ ክስ በቀረበ ጊዜ እውነቱ የወጣው ቀሚሱ የተቀደደው ከፊት ነው ወይስ ከኋላ በሚለው ጥያቄ ነበር። በሺህ አንድ ሌሊት ተረቶች ውስጥ ባለው የሦስቱ ፖሞች ታሪክ ደግሞ ከጤግሮስ ወንዝ በወጣ ሣጥን ውስጥ የአንዲት ሴት አስከሬን ይገኛል፤ ኸሊፋው ሃሩን አል ረሺድም ሚኒስትራቸው ጃዕፈር ገዳዩን በሦስት ቀን እንዲያገኝ ያዝዛሉ። ብዙ የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪዎች ይህን ታሪክ ከወንጀል ምርመራ ልቦለድ ቀዳሚ ምሳሌዎች አንዱ አድርገው ይቆጥሩታል።

በአማርኛም ዘውጉ የራሱ ታሪክ አለው። ማሞ ውድነህ የዓለምን የስለላ ታሪኮች ወደ አማርኛ እየመለሱ ለአንድ ትውልድ የምስጢርን ዓለም ከፍተዋል። በ2001 ዓ.ም. የታተመው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ሳይንስን፣ ስለላንና የጣና ገዳማትን ምስጢር አጣምሮ ብዙ ወጣቶችን ወደ መጽሐፍ መልሷል፤ «ራማቶሓራ» እና «ዣንቶዣራ»ም ተከትለውታል። «ዴርቶጋዳ» ደጋግሞ የታተመ በመሆኑ ሰብሳቢዎች ዛሬ የሚለዩት የመጀመሪያውን ዕትም ከኋለኞቹ ነው። በአሥረኛ ዕትም ላይ ያረፈ ፊርማ ለባለቤቱ ውድ መታሰቢያ ሊሆን ይችላል፤ በመጀመሪያው ዕትም ላይ ያረፈው ግን መጽሐፉ ገና ዕጣው ሳይታወቅ ደራሲውን ያመነ አንባቢ እንደነበረ ይመሰክራል።

ይሁን እንጂ በአማርኛ መጻሕፍት ሰብሳቢዎች መካከል ከሁሉ በላይ ስሙ የሚነሳው መጽሐፍ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። በዓሉ የአዲስ ዘመን ጋዜጣ አዘጋጅ የነበረ፣ በማስታወቂያ ሚኒስቴርም እስከ ቋሚ ተጠሪነት የደረሰ ጋዜጠኛ ነበር። በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የወጣው ይህ ልቦለድ በአሥመራ የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ መቼቱ አድርጎ፣ በጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያምና በፊያሜታ ጊላይ ፍቅር በኩል ስለላን፣ ሴራንና የጦርነትን ከንቱነት ይተርካል። መጽሐፉ በገበያ ላይ የቆየው ለቀናት ብቻ ነበር። ወዲያው ተሰበሰበ፤ ደራሲውም ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. አንድ ምሽት ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። እስከ ዛሬም መቃብሩ የት እንደሆነ ቤተሰቡ አያውቅም።

ስለዚህ የ«ኦሮማይ» የተፈረመ ቅጂ ጉዳይ ከሌሎቹ ሁሉ ይለያል። ደራሲው ለአንባቢ ፊርማውን ሊያኖር የሚችልበት ጊዜ በመጽሐፉ መውጣትና በእርሱ መሰወር መካከል ያለው ጥቂት ወራት ብቻ ነው፤ በዚያም ጊዜ መጽሐፉን በእጅ መያዝ ራሱ ፍርሃት ነበረበት። ከመሰብሰብ የተረፉት ቅጂዎች በስውር ተነበዋል፤ ተባዝተዋልም። ደርግ ከወደቀ በኋላ መጽሐፉ እንደገና ታትሟል፤ በ2025 ደግሞ በዴቪድ ደጉስታና በመስፍን ፈለቀ ይርጉ ትርጉም በእንግሊዝኛ ለዓለም ገበያ ቀርቧል። የአዲሱ ትርጉም ቅጂ በተርጓሚዎቹ ሊፈረም ይችላል፤ ደራሲው ግን የለም። በ1975ቱ ዕትም ላይ የበዓሉ ግርማ ፊርማ አለበት የሚል ሻጭ ሲመጣ ገዢው ከደስታው በፊት ጥርጣሬውን ማስቀደም ያለበትም ለዚህ ነው።

በዐረብኛው ዓለም ዘውጉ በአሁኑ ጊዜ ከፍተኛ መነቃቃት ይታይበታል። የመካ ተወላጇ ረጃእ ዓሊም «የርግብ ሐብል» በተሰኘው ልቦለዷ በመካ መተላለፊያ ውስጥ በተገኘ የሴት አስከሬን ጀምራ ከመርማሪው ጋር አንባቢን በከተማይቱ ውስጥ ታዞራለች። መጽሐፉ በ2011 ዓለም አቀፉን የዐረብኛ ልቦለድ ሽልማት ከሞሮኳዊው ሙሐመድ አል አሽዓሪ ሥራ ጋር በጋራ ሲያሸንፍ ረጃእ የሽልማቱ የመጀመሪያዋ ሴት ባለቤት ሆናለች። በግብፅ የአሕመድ ሙራድ «ሰማያዊው ዝሆን» በ2012 ታትሞ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ፊልም ተለውጧል። በሳዑዲ ዐረቢያም በ2024 ይፋ የሆነው የወርቃማው ብዕር ሽልማት ለምስጢርና ለወንጀል ልቦለዶች የራሳቸውን ዘርፍ ሰጥቷል።

የፊርማውም ባህል እንዲሁ አድጓል። ከ2021 ጀምሮ በሥነ ጽሑፍ፣ ኅትመትና ትርጉም ባለሥልጣን የሚዘጋጀው የሪያድ ዓለም አቀፍ የመጻሕፍት አውደ ርዕይ ለደራሲዎች የፊርማ መድረክ አለው። አውደ ርዕዩ በ2024 በንጉሥ ሳዑድ ዩኒቨርሲቲ፣ በ2025 ደግሞ በልዕልት ኑራ ዩኒቨርሲቲ ተካሂዷል። በምናባዊና አስፈሪ ልቦለዶቹ የታወቀው ሳዑዲያዊው ኡሳማ አል ሙስሊም በግንቦት 2024 በራባት አውደ ርዕይ ለመፈረም በተቀመጠ ጊዜ የመጣው የወጣት ብዛት ከአቅም በላይ ሆኖ መርሐ ግብሩ እንዲቋረጥ ተደርጓል። መጽሐፍ የሚያነብ ወጣት የለም ለሚሉ ሁሉ ያ ሰልፍ በቂ መልስ ነበር።

በአዲስ አበባ ያለው ሥርዓት ከዚህ ይልቅ ጸጥ ያለ ነው። አዲስ ልቦለድ በወመዘክር አዳራሽ ወይም በሌላ መድረክ ሲመረቅ ምሁራን ዳሰሳ ያቀርባሉ፤ ከመጽሐፉ ጥቂት ገጾች ይነበባሉ፤ ከዚያ ደራሲው ብዕሩን ይዞ ይቀመጣል። አንባቢ ሁሉ ስሙን ይነግረዋል፤ እርሱም «መታሰቢያነቱ» ብሎ ይጽፍለታል። ለገሃር አካባቢ ያለው ጃፋር መጻሕፍት መደብርም አዳዲስ ልቦለዶችን ለሚያሳድድ ሰው የታወቀ አድራሻ ነው። በባጥሐ ያለው ሰብሳቢ በዚህ ሥርዓት የሚሳተፈው በውክልና ነው፤ ወንድሙን ወይም የአክስቱን ልጅ ልኮ፣ ስሙን በወረቀት አስጽፎ፣ ደራሲው በማያውቀው ሰው ስም እንዲፈርምለት ይጠብቃል።

በመጽሐፍ ላይ የሚሰፍር የእጅ ጽሑፍ በእስልምና የዕውቀት ታሪክ ውስጥ ከመታሰቢያ ያለፈ ትርጉም ነበረው። ደረሳው ኪታቡን በሸይኹ ፊት አንብቦ ሲጨርስ ሸይኹ ኢጃዛ ይጽፉለታል፤ በመጽሐፉ መጨረሻ ላይም ማን እንዳነበበ፣ ማን እንደሰማ፣ የት እና በየትኛው ቀን እንደሆነ የሚገልጽ የምስክርነት ቃል ይሰፍራል። በወሎ እንደ ዳናና ጀማ ንጉሥ ባሉ የዕውቀት ማዕከላት የተማሩ ዑለማዎች ይህን የሰንሰለት ሥርዓት ለትውልድ አስተላልፈዋል። በሐረር የአብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም በእጅ የተጻፉና በሐረር ጠራዦች የተጠረዙ በርካታ ኪታቦችን ጠብቆ ይገኛል። በእነዚህ መጻሕፍት ላይ ያለ የእጅ ጽሑፍ ትልቁ ጥቅሙ መጽሐፉ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ በእውነት እንደተላለፈ ማስረዳቱ ነው። የዛሬው የልቦለድ ፊርማ ከኢጃዛ ጋር በክብር የሚነጻጸር ባይሆንም ከእርሱ የሚጋራው አንድ ነገር አለ፦ እርሱም ምስክርነት ነው።

ምስክርነት ባለበት ሁሉ ደግሞ የሐሰት ምስክር አይጠፋም። የተፈረመ ቅጂ ከተራው በላይ በሚሸጥበት ገበያ ፊርማን አስመስሎ መጻፍ ቀላል ወንጀል ነው፤ የሚያስፈልገው ብዕርና ጥቂት ልምምድ ብቻ ነው። ስለዚህ የወንጀል ልቦለድ ሰብሳቢ ራሱ መርማሪ ለመሆን ይገደዳል።

የመጀመሪያው ምርመራ የቀን ነው። በአማርኛ መጽሐፍ ላይ የኅትመት ዘመኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፋል፤ በውጭ አገር የፈረመ ደራሲ ግን በአውሮፓ አቆጣጠር ሊጽፍ ይችላል። የሁለቱ ልዩነት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ነው። በ2001 ዓ.ም. በታተመ መጽሐፍ ላይ በዚያው አቆጣጠር «1998» የሚል የፊርማ ቀን ከተገኘ፣ መጽሐፉ ከመወለዱ በፊት ተፈረመ ማለት ነው። ሁለተኛው የዕትሙ ገጽ ነው፤ የመጀመሪያ ዕትም ነው የተባለው መጽሐፍ በውስጡ «ሦስተኛ ዕትም» የሚል ከሆነ የሻጩ ሌላው ቃልም አይታመንም። ማተሚያ ቤቱ ብርሃንና ሰላም ይሁን አርቲስቲክ ወይም ሌላ፣ ከታወቀ ቅጂ ጋር ማመሳከር ይረዳል። ሦስተኛው ቀለሙ ነው። በማተሚያ የተባዛ ፊርማ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ብዙ ጊዜ በነጠብጣብ የተሠራ ነው፤ በእስክሪብቶ የተጻፈው ግን ወረቀቱን ስለሚጫን ከገጹ ጀርባ በጣት ይዳሰሳል። በቁራጭ ወረቀት ተፈርሞ የተለጠፈ ፊርማም በቀጥታ በገጹ ላይ ካረፈው ያነሰ ዋጋ አለው፤ ከሌላ መጽሐፍ ተነቅሎ ሊመጣ ይችላልና።

ሻጭም ቢሆን የሚያውቀውን እንከን የመናገር ግዴታ አለበት። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ውስጥ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ውስጡ እርጥብ ሆኖ ባገኙት ጊዜ፣ እርጥቡን ለገዢ እንዲታይ ከላይ ለምን እንዳላደረገው ሻጩን ጠይቀውት፣ የሚያታልል ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ አስተምረዋል። ስለ ፊርማው እርግጠኛ ያልሆነ ሻጭ ጥርጣሬውን ከላይ ማድረግ ይገባዋል፤ «ሲሰጠኝ ተፈርሞ ነበር፤ የማን እጅ እንደሆነ ግን አላውቅም» ብሎ መሸጥ ገንዘብን ይቀንስ ይሆናል እንጂ በረከትን አይቀንስም።

እውነተኛው ቅጂ ከተገኘ በኋላ ደግሞ ጠላቱ የሪያድ አየር ነው። በበጋ ከ40 ዲግሪ የሚያልፈው ሙቀትና ድርቀቱ የጥራዙን ሙጫ ያደርቃል፤ ፀሐይ የብዕሩን ቀለም ታፈዛለች፤ አቧራው በገጾች መካከል ይገባል። መጽሐፉን ከመስኮት፣ ከምድጃና ከዕጣን ጭስ አርቆ፣ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልሎ በተዘጋ መደርደሪያ ማኖር ይበቃል። በፊርማው ላይ ተለጣፊ ፕላስቲክ ማድረግ ግን ከጥበቃ ይልቅ ጥፋት ነው፤ ማጣበቂያው ውሎ አድሮ ወረቀቱን ያጠቁረዋልና።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው። በሪያድ ተወልደው የሚያድጉ ብዙ የኢትዮጵያውያን ልጆች ዐረብኛን በትምህርት ቤት ይማራሉ፤ አማርኛን በጆሮ ይሰማሉ፤ ፊደሉን ግን አይለዩም። አባት በብዙ ድካም ያስመጣው የተፈረመ ልቦለድ ለእንዲህ ያለ ልጅ ያልተከፈተ ሣጥን ነው። ፊደል የሚያስተምሩ ወላጆች ከሚመክሩት ዘዴ አንዱ ልብ አንጠልጣይ ታሪክን ማታ ማታ በክፍል በክፍል እያነበቡ፣ ምስጢሩ ሊፈታ ሲል ማቆም ነው። የቀረውን ለማወቅ የሚቸኩል ልጅ ፊደሉን ራሱ ይጠይቃል።

መግሪብ ሲደርስ በባጥሐ መስጂዶች አዛን ይሰማል፤ ሱቆች ለሶላት ጋብ ይላሉ። መጽሐፉ ተመልሶ በጋዜጣው ይጠቀለላል። የሚቀጥለው አንባቢ ሲገልጠው በርዕሱ ገጽ ላይ የማያውቀው ሰው ስምና የደራሲው ፊርማ ይጠብቁታል። ከገጹ ጀርባ በጣቱ ዳስሶ ካረጋገጠ በኋላ ወደ መጀመሪያው ምዕራፍ ይሻገራል።